ለሥራ ልጠየቅ ስሄድ

ስምንተኛ ክፍል በጨረስሁበት ክረምት እናቴና አባቴ ከእኔ ጉዳይ ሌላ የተነጋገሩበት ነገር ትዝ አይለኝም። ቤታችን ከመካነ ኢየሱስ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። በዚያን ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ እስቴ ገጠር ውስጥ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ባል ሳታገባ እናቷ ቤት መገኘቷ ብቻውን ለአንድ ሰፈር የሚበቃ ወሬ ነበር። የእኔ ደግሞ መማሬ ተጨመረበት። ከዚያ በላይ ለመማር ደብረ ታቦር መኖር ያስፈልጋል፤ እዚያ የሚያስጠጋኝ ዘመድ አልነበረንም።

ባል ያላገባሁት ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም። በልጅነቴ ታጭቼ ነበር። ነገር ግን የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ፣ «ለጥሎሽ ከመጡት በሬዎች አንዱ ቀንዱ ተሰብሮ በጭቃ የተጠገነ ነው» ብለው የልጁን ቤተሰብ ከሰሱ። ክሱ ከችሎት ችሎት ሲጎተት አባቴ «እስኪፈረድ ድረስ ቤት ከምትቀመጥ ትማር» ብለው ትምህርት ቤት አስገቡኝ። ፍርዱ የመጣው አራተኛ ክፍል ስደርስ ነው። አጎቴ ረቱ፤ እጮኝነቱም በዚያው ፈረሰ። እናቴ ወንድሟን ባየች ቁጥር «በሬ አሸንፎ ልጄን ያስቀረ!» ትላቸው ነበር። እሳቸው ይህን እንደ ምርቃት ይሰሙት ነበር።

«ወይ ባል፣ ወይ ሥራ» አሉ አባቴ በመጨረሻ። እናቴ ባል አለች። አጎቴ ሥራ አሉ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም ሥራ የምል ይመስለኛል።

መስከረም ሲጠባ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ የሚገለብጥ ጸሐፊ ይፈልጋል የሚል ወሬ ከገበያ መጣ። ወሬውን ያመጡት አጎቴ ናቸው። ከስማዳ እስከ ደብረ ታቦር ያልቆሙበት ችሎት ስላልነበረ፣ ሹም ፊት መቆምን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ እንደሌለ ለእናቴ ነግረው በማግሥቱ ሊያሠለጥኑኝ መጡ። ግቢያችን ውስጥ ሙቀጫ ገልብጠው ተቀመጡና ጋቢያቸውን ዳኛ እንደሚለብሰው አደረጉት። እኔን ፊታቸው አቆሙኝ።

«ስምሽ ማን ነው?»

ስሜን ነገርኋቸው።

መሬቱን በከዘራቸው መቱት። «ተረታሽ!»

«ስሜን ነው እኮ የነገርሁዎት፣ ጋሼ።»

«ለማን ነው የነገርሽው? እኔ ማን ነኝ? በምን ሥልጣን ጠየቅሁሽ? ሹም ሲጠይቅ መጀመሪያ ሥልጣኑ ይመረመራል። ከዚያ መቃወሚያ ይቀርባል። ከዚያ ቀጠሮ ይጠየቃል። መልስ የሚባለው ነገር ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነው። እኔ በሃያ ዓመት ክርክር መልስ የሰጠሁት ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ተረትቻለሁ።»

«ይህ እኮ ክርክር አይደለም፤ ሥራ ነው።»

«መንግሥት ቤት ገብተሽ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ከጠየቀሽ ክርክር ነው» አሉ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ልጄ። እንደገና! ስምሽ ማን ነው?»

አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሰነበትን። አባቴ በአጠገባችን ባለፉ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እናቴ ከጓዳ ሆና «ደግሞ የማንን በሬ ነው?» ትላለች። የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ግን እኔ ራሴ ነገሩ ጣመኝ። ስሜን ሳልናገር አንድ ሰዓት መቆም ቻልሁ። አጎቴ ደስ ብሏቸው የመጨረሻውን ምክር ሰጡኝ፤ «ሌላውን ብትረሺ ይህን አትርሺ። ባዶ ወረቀት ላይ እጅሽ እንዳያርፍ። የአያትሽ መሬት የሄደው በባዶ ወረቀት ነው።»

በቀጠሮው ቀን አብረውኝ ሄዱ። «እውጭ እቆያለሁ» ብለው ነበር፤ በሩ ሲከፈት ግን አንድ እግራቸው ከእኔ ቀድሞ ገባ። ክፍሉ ውስጥ ከጃንሆይ ሥዕል በታች ወፍራም፣ መነጽራም ሹም ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝና በጥሩ ድምፅ፣ «ነይ ልጄ፣ ቅረቢ። ስምሽ ማን ነው?» አሉኝ።

ደረቴን ነፋሁ። «ስሜን ከመናገሬ በፊት፣ ጌታዬ፣ ጥያቄው በማን ትእዛዝ እንደቀረበልኝ ይነገረኝ።»

«ጎሽ!» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል ሰማሁ።

ሹሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንዴት?»

«መቃወሚያ ነው» አልሁ። ድምፄ ግን ከዚህ ወዲያ እየሰለለ ሄደ።

«እሺ፣ ይሁን። ዕድሜሽስ ስንት ነው?»

«ስወለድ የነበሩ ምስክሮች እስኪቀርቡ ድረስ ቀጠሮ ይሰጠኝ።»

ሰውዬው ትዕግሥታቸውን ሰብስበው አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ነጭ ወረቀትና ብዕር ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። «በይ ሌላው ይቅር። ይህን ገልብጪልኝ፤ ጽሕፈትሽን ልየው።»

ይህን እችላለሁ። ከትምህርት ቤታችን እንደ እኔ የሚጽፍ አልነበረም። ብዕሩን አንሥቼ ጎንበስ ስል፣ ከኋላዬ አጎቴ የጉሮሮ በሽታ እንደያዘው ሰው አጥብቀው ሳሉ። ነገሩ ገባኝ። ብዕሩን መልሼ አስቀመጥሁት።

«ባዶ ወረቀት ላይ አልጽፍም።»

«ልጄ» አሉ ሹሙ በቀስታ፣ «ገልባጭ ባዶ ወረቀት ላይ ካልጻፈ በምን ላይ ነው የሚጽፈው?»

ዞር ብዬ አጎቴን አየሁ። እሳቸው ወደፊት ወጡ፤ እጅ ነሡ። «ጌታዬ፣ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ማኅተም ቢያርፍበት...»

«ኧረ እርስዎ ነዎት እንዴ!» ሹሙ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ዛሬ ደግሞ ማንን ነው የከሰሱት?» ከዚያ ሳቁ ያዛቸው። ሲስቁ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ በመሐረባቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ጸሐፊ አምጡ ብል ተሟጋች አመጡልኝ! ልጄ፣ እዚህ ቤት ነገር የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አንፈልግም። በሰላም ሂጂ። መሬት የተወሰደብሽ ቀን ግን አልጠራጠርም፣ ታስመልሻለሽ።»

ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴ በብስጭት መንገዱን እየቀደሙኝ «ቀጠሮ ሳይሰጥ ማሰናበት ደንብ አይደለም፤ ይግባኝ እንላለን» ይሉ ነበር። እኔ አፍሬአለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፦ ያ ትልቅ ሰው ለእኔ ንግግር መነጽሩን ማውለቁን ለራሴ ደጋግሜ አስታወስሁ።

ከዚህ በኋላ እናቴ «እናንተ ወንዶች አበላሻችሁት፤ አሁን ለእኔ ተዉት» አለች። ኅዳር ላይ ከተማው ውስጥ አዲስ ክሊኒክ ተከፍቶ ነበር። ሐኪሙ፣ ማለትም ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው ወጣት፣ ሴቶች እሱ ዘንድ ለመግባት እያፈሩ ስለተቸገረ የምትረዳው ልጅ ይፈልጋል ተባለ።

«ሊጠይቁሽ አይደለም እንዴ?» አለችኝ እናቴ። «ይህን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። እኔን ሦስት ሽማግሌ ነው የጠየቀኝ። አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ነው የወሰዱኝ።»

የእናቴ ሥልጠና ከአጎቴ ይልቅ ጸጥ ያለ ነበር፤ ግን የበለጠ ያደክማል። ከደጅ እስከ ምሰሶው ድረስ መቶ ጊዜ አስገባችኝ። ዓይን መሬት ላይ። እጅ ከነጠላው በታች። ተቀመጪ ሲሉሽ ሁለት ጊዜ እምቢ በይ፤ በሦስተኛው ተቀመጪ፤ ቶሎ የተቀመጠች ልጅ ስግብግብ ናት። ከተጠየቅሽ ዝም በይ፤ ደግመው ከጠየቁሽ ራስሽን ነቅንቂ፤ ሦስተኛ ከጠየቁሽ «እርስዎ እንዳሉ» በይ። ሳቅ የለም። ማስነጠስ የለም።

«ካስነጠሰኝስ፣ እማ?»

«ጨዋ ልጅ አያስነጥሳትም።»

የመሄጃዬ ቀን ሲደርስ ፀጉሬን ሹሩባ ሠራችኝና ጠዋት ያየው ጎረቤት ሁሉ የቀናበት ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ አኖረችልኝ። ቀሚሴ አዲስ ነበር። ፀሐዩ ግን የኅዳር ፀሐይ ነው፤ ከተማ እስክንደርስ ድረስ ቅቤው መንገድ ጀምሮ ነበር።

ሐኪሙ ከሌላ አገር የመጣ፣ ቀጭን፣ ንግግሩ እንደ ንፋስ የሚሮጥ ሰው ነው። እናቴ ውጭ ካሉት በሽተኞች ጋር ተቀመጠች፤ እኔ ገባሁ። «ተቀመጪ» አለኝ ወንበር ስቦ።

«ግድ የለም» አልሁ ለወለሉ።

«ተቀመጪ እንጂ።»

«ግድ የለም።»

ወንበሩን በእጁ እንደያዘ ጥቂት ቆየና መልሶ አስቀመጠው። ለሦስተኛ ጊዜ አላለኝም። እናቴ ሰው በሁለት ይተዋል ብላ አልነገረችኝም ነበርና ቆሜ ቀረሁ።

«ደም ያስፈራሻል?»

ዝም።

«ደም ሲፈስ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ወደ ላይ ይሁን ወደ ጎን እኔም አላወቅሁት።

«ጽሕፈት ትችያለሽ? የመድኃኒት ስም ታነቢያለሽ? ሴቶቹን ምን እንዳመማቸው ልትጠይቂልኝ ትችያለሽ?»

ሦስት ጥያቄ ባንድ ጊዜ ሲመጣ የትኛው አንደኛ፣ የትኛው ሦስተኛ እንደሆነ ጠፋኝ። «እርስዎ እንዳሉ» አልሁ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

ጎንበስ ብሎ ፊቴን ፈለገው። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ «ትሰሚኛለሽ?» አለኝ።

እየተሸማቀቅሁ ጭራሽ አንገቴን ሰበርሁ። ያን ጊዜ ቅቤው ከሹሩባዬ ሥር ወርዶ ከጆሮዬ ጀርባ እየተንጠባጠበ ነበር። ሐኪሙ «አሃ!» አለ፤ የጠፋበትን እንዳገኘ ሰው። ጆሮዬን ይዞ ወደ መስኮቱ አዞረኝ። «ይህ መፍሰስ ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«እ?» አልሁ ደንግጬ።

«ምስኪን፣ ምንም አትሰማም» አለ ለራሱ።

ቅቤ ነው ልለው ነበር። ግን እናቴ ባስተማረችኝ ደንብ ሙሽራ ሽማግሌ ፊት ስለ ቅቤ አታወራም። ጆሮዬን በጥጥ ጠርጎ፣ ትንሽ ጠርሙስ በእጄ አስጨብጦ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደምጨምር በጣቶቹ እያሳየኝ፣ በርኅራኄ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አስወጣኝ።

እናቴ ጠርሙሱን ስታይ ፊቷ በራ። «ምን ሰጠሽ?»

«የጆሮ መድኃኒት።»

«ለምን?»

ነገርኋት። ደጃችን ስንደርስ ብቻ «ቢሆንም ጨዋነትሽን አይቷል» አለች። ያንን መድኃኒት ለብዙ ጊዜ ሲያማት የኖረ የራሷ ጆሮ ላይ ጨረሰችው፤ እውነትም ተሻላት። ክሊኒኩ ውስጥ የተቀጠረችው አፏ የማያርፍ የአንዲት ጠላ ሻጭ ልጅ ናት፤ ሥራውንም ጎበዝ ሆነችበት ሲባል ሰማሁ።

ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ ሥራ አላነሣም። አዝኜ ነበር። ሁለት ጊዜ ተጠይቄ ሁለቴም የተጠየቀችው እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው የሆነች ያህል ተሰማኝ። ስሜን እንኳ ለአንዳቸውም አልነገርሁም። እናቴ ደግሞ ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ የሚልኩ ሰዎች እንዳሉ በወሬ መልክ መንገር ጀመረች።

ከጥምቀት በኋላ የመጣው ግን ሽማግሌ ሳይሆን ማስታወቂያ ነው። አዳዲስ ለሚከፈቱ ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ስለሚፈለግ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሁሉ ደብረ ታቦር መጥቶ በቃል ይፈተን ይላል። የድሮ አስተማሪዬ ለአባቴ ነገሯቸው። አባቴም ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ «ፈተና ከሆነ የእኔ ነው» አሉ።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። በወጣትነታቸው ጋይንት ቤተ ልሔም ሄደው፣ ዓመታት የተማሩትን ድጓ በታላላቅ መምህራን ፊት ቆመው፣ መጽሐፉ በተገለጠበት ሁሉ ዜማውን ሳይስቱ ተወጥተው አስመስክረው የተመለሱ ናቸው። በሕይወታቸው የተፈተኑት ያንን አንድ ፈተና ነው፤ ከእሱ ሌላ ፈተና አለ ቢባሉም አያምኑም።

«መጽሐፉን ይገልጣሉ» አሉኝ። «የትም ይግለጡት፤ አንቺ እዚያ መገኘት ነው።»

በዚህ ዓይነት የጂኦግራፊ፣ የሳይንስና የሒሳብ መጻሕፍቴን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃል አስያዙኝ። ሳላዜም በቃሌ ከወጣሁት «ሥጋ ብቻ ነው፣ ነፍስ የለውም» ስለሚሉኝ የአውሮፓን ከተሞች ሁሉ ከነዜማቸው ያዝሁ። የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ አባቴ ማንበብ አይችሉም። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙኝና ድንገት መቋሚያቸውን ያነሣሉ። «እዚህ ላይ አታውቂውም።»

«እንዴት ያውቃሉ፣ አባ? እንግሊዝኛ እኮ ነው።»

«እንግሊዝኛውን አላውቅም። ድምፅሽ ሲንሸራተት ግን አውቃለሁ።»

መጽሐፉን ገልጬ ሳየው፣ ሁልጊዜ፣ ልክ ነበሩ።

ደብረ ታቦር የሄድነው በአንዲት በቅሎ ነው፤ አንድ ጊዜ እሳቸው፣ አንድ ጊዜ እኔ እየተቀመጥንባት። መንገዱን ሁሉ የያዝሁትን ቃል በዜማ ስወጣ አንድ የነጋዴ ጓድ ደረሰብንና አንዱ በሐዘኔታ አባቴን «የኔታ፣ ልጅቱ የሞተባት ማን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። አባቴ «ማንም አልሞተባትም፤ የክፍልፋይ ሒሳብ ነው» አሉት። ሰውዬው አልገባውም፤ ቢሆንም ነፍስ ይማር ብሎን አለፈ።

በማግሥቱ ጠዋት ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል፤ መካከል ያሉት ፀጉራቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቶ የአባቴ ጥምጥም በክፍተቱ ይታየኛል። ስሜን ጠየቁኝ። ቶሎ ብዬ ተናገርሁ፤ ማንም መሬት አልመታም። ከዚያ አንደኛው ሰው የጣሊያን ዋና ከተማ ማን ናት አለኝ።

አፌን ስከፍት ዜማው ወጣ። ከፖርቱጋል ጀምሬ በስፔን በኩል ወረድሁ።

«ቆዪ፣ ቆዪ ልጄ» አሉ ሽማግሌው ፈገግ ብለው። «ጣሊያን ብቻዋን አትወጣም?»

«ከፊቷ ያሉት ካልመጡ አትመጣም፣ ጌታዬ።»

ሁለቱ እየተያዩ ከንፈራቸውን ነከሱ። ሽማግሌው ግን ጥቂት አሰቡና፣ «መጽሐፉን ማወቅሽን አየን። አሁን ትምህርት ቤት ገብቶ ለማያውቅ ሰው ዝናብ እንዴት እንደሚዘንብ አስረጂልን» አሉኝ።

«ውሃ በፀሐይ ሙቀት ኃይል ወደ ተን ይለወጣል...»

«ለእኛ አይደለም። ለማያውቅ ሰው።»

ግራ ገባኝ። «እዚህ የማያውቅ ሰው የለም» አልሁ።

ሽማግሌው ወደ በሩ ተመለከቱ። «የኔታ፣ እስቲ ይግቡልን።»

አባቴ ገቡ። መቋሚያቸውን ይዘው ወንበር ላይ ሲቀመጡ ተፈታኙ እሳቸው መሰሉ። «ዝናብ ከየት እንደሚመጣ ያውቃሉ?» አሏቸው ሽማግሌው።

«ከእግዚአብሔር።»

«መልካም። ልጅዎ ደግሞ መንገዱን ትንገርዎት።»

ወደ አባቴ ዞርሁ። «አባ፣ ፀሐይ ሐይቁን ስታሞቀው ውሃው ተን ይሆናል።»

«ጣናን ነው የምትይው? ጣና ሞቆ አያውቅም። ወርጄ ታጥቤበታለሁ፤ ብርድ ነው።»

«ቀስ እያለ ነው የሚሞቀው። ተኑ ወደ ላይ ይወጣል።»

«ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው። አልገባኝም።»

ሌላ ዓይነት አድርጌ ነገርኋቸው። «አልገባኝም» አሉ። ሦስተኛ ሞከርሁ። «አልገባኝም።» ገባኝ ቢሉ ምን ነበረበት? ልጃቸው ነኝ፣ ፈታኞቹ እያዩ ነው። በዓይኔ ለመንኋቸው። እሳቸው ግን ጢማቸውን ይዘው እንደ ድንጋይ ተቀምጠዋል። ያን ጊዜ ተናደድሁ። ፈታኞቹንም፣ አጎቴንም፣ ጨዋነቴንም ረሳሁ።

«እማ አረቄ ስታወጣ አይተው አያውቁም?» አልኋቸው።

አባቴ ወደ ፈታኞቹ አየት አደረጉ። «ለእንግዳ ነው የምታወጣው» አሉ በቀስታ።

«ለማንም ይሁን! እንስራው ሥር እሳት ሲነድ ምን ይወጣል?»

«እንፋሎት።»

«እንፋሎቱ ቁልቁል ነው የሚሄደው?»

«...ወደ ላይ ነው።»

«በሸምበቆው አልፎ ውሃ ውስጥ ወደተነከረው ቀዝቃዛ ማሰሮ ሲገባስ?»

«ይንጠባጠባል።»

«ሰማዩም እንደዚያ ነው! እንስራው ጣና ነው፣ እሳቱ ፀሐይ ናት፣ ቀዝቃዛው ማሰሮ ከላይ ያለው ብርድ ነው። ሲንጠባጠብ ዝናብ እንለዋለን።»

«ሰማይ አረቄ ያወጣል እያልሽኝ ነው?»

አንደኛው ፈታኝ ፊቱን በወረቀት ሸፈነ። እኔ ግን ወደኋላ አላልሁም። «አዎ፣ አባ።»

አባቴ ጢማቸውን ለቀቁ። «እንስራው ግን ይፈላል። ጣና አይፈላም።»

«ነጠላዎ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይፈላል? ታዲያ ውሃው የት ሄደ?»

ትከሻቸው ላይ ያለውን ነጠላ በሁለት ጣታቸው ይዘው አዩት። ከዚያ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፤ ያንን ፊት ከዚያ በፊት ዜማ ሲሰሙ እንጂ በሌላ ጊዜ አይቼው አላውቅም። «ገባኝ» አሉ። ወዲያው ግን ጣታቸውን አነሡ። «እሳቱን የሚማግደው ማን እንደሆነ ግን አልነገርሽኝም።»

«እሱን፣ የኔታ፣ እርስዎ ያስተምሯታል» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ፣ ይበቃል።»

ከዚያ ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ስንመለስ የአባቴ ቅሬታ ይህ ነበር። «ይህ ፈተና ነው? መጽሐፍ እንኳ አልገለጡም! ያን ሁሉ ቃል ይዘሽ ሄደሽ...» እያሉ ግማሹን መንገድ አጉረመረሙ። ለምን ቶሎ ገባኝ እንዳላሉ ስጠይቃቸው ቆም ብለው አዩኝ። «ምስክር ፊት ይዋሻል እንዴ?» በማግሥቱ ጠዋት ከአንድ ወንዝ አፋፍ ስንደርስ ጉም ከሸለቆው እየተነሣ ነበር። አባቴ በቅሎዋን አቁመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «እሳቱ ተያያዘ» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው።

ደብዳቤው በየካቲት መጣ። አጎቴ ሦስት ጊዜ አንብበው፣ «ተመድበሻል ይላል፤ ማን እንደመደበሽ አይልም» ብለው መቃወሚያ ሊጽፉ ሲነሡ እናቴ ደብዳቤውን ከእጃቸው ነጠቀችና ደረቷ ውስጥ ከተተችው። የተመደብሁት ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ነው። እናቴ በኋላ ሊያጩኝ የመጡ ሽማግሌዎችን «ልጄ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ ጊዜ የላትም» ብላ መለሰቻቸው ሲባል የሰማሁት ከሰው ነው። ለእኔ አንድም ቃል አልነገረችኝም።

አርብ ገበያ የደረስሁት በገበያው ቀን ነው። ትምህርት ቤቱ ገና በጭቃ እየተመረገ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት አንዱ ክፍል ተጠርጎ ተሰጠኝ። ተማሪዎቼ ልጆች ይሆናሉ ብዬ ነበር። አብዛኞቹ ልጆች ናቸው፤ ከኋላ ግን ጢማም፣ በዕድሜ ከአባቴ ብዙም የማያንሱ፣ መሣሪያቸውን በሩ ላይ አስደግፈው የገቡ አንድ ነጭ ለባሽ ዘበኛ ነበሩ። ፊደል ልቆጥር ነው ብለዋል።

ስገባ ሁሉም ተነሡ። ልጆቹን «ተቀመጡ» አልኋቸው፤ ተቀመጡ። እሳቸው ቆመው ቀሩ። የሚቀመጡበት ጠፍቷቸው ይሆናል ብዬ ትምህርቱን ጀመርሁ። ሀ ሁ ሂ ስል ቆመው ይከተሉኛል። አንድን ሽማግሌ ምን ብዬ ተቀመጡ እንደምላቸው አላወቅሁም፤ እሳቸው ቆመው እኔ መቀመጥም አልቻልሁም። የዕረፍት ደወል እስኪደወል ድረስ እሳቸው ቆሙ፣ እኔም ቆምሁ።

ልጆቹ ሲወጡ ቀረብ አልኋቸው። «አባባ፣ ምነው ጠዋቱን ሙሉ ሳይቀመጡ?»

«ተቀመጥ ያለኝ የለም፣ እትዬ» አሉ፤ እግራቸውን እያሻሹ። «ትምህርት ቤት ስገባ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደንቡን በምን አውቃለሁ?»

«እኔም የመጀመሪያዬ ነው» አልኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝና ሳቁ። ጥርሳቸው ሁለት ብቻ ነበር። ከዚያ ያንን የልጆች አግዳሚ ወንበር በነጠላቸው ጫፍ አራገፉልኝ፤ ሁለታችንም ተቀመጥን።